የመጀመሪያው አውቶሞቢል፤ ያገለገለ መኪና ስለ መግዛትና ስለ መጠበቅ

በቅሎ ሊገዛ ወደ ገበያ የወጣ ሰው ከዋጋው በፊት ጥርሷን ከፍቶ ያያል፤ ጀርባዋን ይዳብሳል፤ ኮቴዋን አንሥቶ ይመረምራል፤ በመጨረሻም ሽቅብና ቍልቍል አስኪዶ አረማመዷን ይመለከታል። ሻጩ ኮርቻዋን ምንም ቢያሳምረው፥ ገዢው ከኮርቻው በታች ያለውን ገላ ሳያይ ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም። ይህን ጥበብ ከአባቶቹ የወረሰው ሰው ግን አውቶሞቢል ለመግዛት በተነሣ ጊዜ የበቅሎውን ገበያ ጥንቃቄ ሁሉ ረስቶ፥ በቀለሙ አንጸባራቂነትና በወንበሩ ልስላሴ ተማርኮ ሲያስረክብ ይታያል። በሦስተኛው ወር መኪናው በጋራዥ ደጃፍ ቆሞ፥ ባለቤቱ በእግሩ ወደ ሥራው የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው፥ የመሥሪያ ቤት ሹምም ቢሆን ነጋዴም ቢሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ሌላ ሰው የነዳውን ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ በጥንቃቄ ከተደረገ ብልኅነት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ብረቱን ብቻ አይገዛም፤ የቀድሞውን ባለቤት ጠባይ ጭምር ይገዛል። የፊተኛው ባለቤት ዘይቱን በጊዜው የሚለውጥ፥ ውሃውን በየጠዋቱ የሚያይ ሰው ከነበረ፥ ያ ትጋት በሞተሩ ውስጥ ተቀምጦ ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፋል። ቸልተኛ ከነበረም ቸልታው እንደዚሁ ይወረሳል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው አዲሱ ገዢ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አግኝቷል። መንግሥት በ2024 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በአገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የሚኖር ሲሆን፥ ደኅናውን ከብልሹው መለየትና የገዙትንም ጠብቆ ማኖር የሚችል ሰው ተጠቃሚ ይሆናል።

ሁለት ጊዜ የሚከፈል ዋጋ

የአውቶሞቢል ዋጋ የሚከፈለው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ ለሻጩ፥ ሁለተኛ ጊዜ ለመንገዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ፊተኛውን ብቻ ስለሚያስብ ነው። በእጁ ያለውን ገንዘብ ሁሉ አሟጦ፥ አልበቃ ሲለውም ተበድሮ፥ ከዐቅሙ ከፍ ያለውን መኪና ይገዛል፤ በማግሥቱ ባትሪ የሚለውጥበት ገንዘብ ያጣል። ከዚህ ይልቅ ያለውን በአራት ከፍሎ ሦስቱን እጅ ለግዢው፥ አንዱን እጅ ለመጀመሪያው ጥገና ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። የቀድሞው ባለቤት ምንም ጠንቃቃ ቢሆን፥ አዲሱ ባለቤት በመጀመሪያው ሳምንት የሞተሩን ዘይትና ፊልትሮ፥ የፍሬኑን ዘይት፥ የአየር ማጣሪያውንና ቺንጋውን አስለውጦ ቀኑን በደብተር ቢጽፍ፥ የመኪናው ሒሳብ ከዚያን ቀን ይጀምራል፤ ስለ አለፈውም መጠራጠር አይኖርበትም።

ደብተር መያዝ የለመደ ነጋዴ ሌላም ሒሳብ ሊያደርግ ይችላል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው፥ መኪናው በየ100 ኪሎ ሜትሩ 7 ሊትር ቤንዚን የሚበላ ከሆነ በወር 70 ሊትር ይፈልጋል፤ 10 ሊትር የሚበላ ከሆነ ግን 100 ሊትር ይፈልጋል። ልዩነቱ በወር 30፥ በዓመት 360፥ በሁለት ዓመት 720 ሊትር ይሆናል። ሁለት መኪናዎች ቀርበውለት ትልቁ ከትንሹ በጥቂት ረክሶ ቢገኝ፥ ገዢው የዋጋውን ልዩነት ከዚህ ቤንዚን ዋጋ ጋር ማስተያየት ይገባዋል። በዚህም ላይ የሰፊ ጎማ ዋጋ ከጠባቡ ይበልጣል፤ ግብሩና የመድን ዋስትናውም አለ። አንድ መኪና ርካሽ መሆኑ የሚታወቀው በተገዛበት ቀን ሳይሆን መልሶ በተሸጠበት ቀን ነው።

የትኛው ዓይነት ይሻላል?

ከሁሉ የሚሻለው አውቶሞቢል የአካባቢው ባለሙያ የሚያውቀውና መለዋወጫው በቅርብ የሚገኘው ነው። የአስመራ ከተማ ታሪክ ለዚህ ምስክር ይሆናል። በ1938 ጁሴፔ ፔታዚ የተባለው መሐንዲስ የሠራው፥ ሁለት ረጃጅም የሲሚንቶ ክንፎቹን ያለ ምሰሶ ዘርግቶ አውሮፕላን መስሎ የቆመው ፊያት ታሊዬሮ፥ የቤንዚን ማደያና የመኪና አገልግሎት መስጫ ይሆን ዘንድ የታነጸ ነው። ከተማይቱ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባም ስማቸው ከሚነሣው ሕንጻዎቿ አንዱ እርሱ ነበር። የፊያት ስም በሕንጻ ላይ በተጻፈበት ከተማ የፊያትን ሞተር ፈትቶ የሚገጥም እጅ አልጠፋም። በ1953 የወጣው ፊያት 1100 እና በ1955 ለሕዝብ የታየው ትንሹ ፊያት 600 ከተሠሩ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ በአስመራ ጐዳናዎች ሲሄዱ የታዩት ብረታቸው ከሌላው ስለ ጠነከረ ብቻ አይደለም፤ የሚጠግናቸው ሰው ስላልታጣ ነው። ከ1966 ጀምሮ የተሠራው ቶዮታ ኮሮላ ደግሞ በኋለኛው ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ ገበያ የተወደደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ገዢው ሻጩን ከማነጋገሩ አስቀድሞ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ የአምስት ነገሮችን ዋጋ ይጠይቅ፤ ይኸውም የፍሬን ሸራ፥ የፍሪሲዮን ሸራ፥ የውሃ ፓምፕ፥ ራዲያተርና የፊት መብራት ነው። በሦስት ሱቅ ጠይቆ በሦስቱም ካገኘ፥ መኪናው ዘመድ ያለው ነው። ባለ ሱቆቹ «ከውጭ አገር ማዘዝ ያስፈልጋል» ብለው ከመለሱለት ግን፥ መኪናው ምንም ያማረ ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው አይሆንም።

አሠራሩንም ማወቅ ይጠቅማል። ፊያት 600 ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነበር፤ ስለዚህ ዳገት ሲወጣ የውሃው ነገር ዋና ጉዳይ ነበር። ሞተሩ እንደዚሁ ከኋላ የሆነው አሮጌው ቮልስዋገን ግን በአየር ብቻ ስለሚቀዘቅዝ የሚፈላ ውሃ የለውም፤ ነገር ግን ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ የተበጠሰ እንደ ሆነ ወዲያውኑ ካልቆመ ሞተሩ ይቃጠላል። እያንዳንዱ መኪና የራሱ ደካማ ጐን አለው፤ ብልኅ ገዢ እንከን የሌለውን ከመፈለግ ይልቅ እንከኑን ዐውቆ ይገዛል።

በጠዋት ብርሃን የሚደረግ ምርመራ

መኪና የሚታየው በጠዋት፥ በፀሐይ ብርሃን፥ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። በማታ መብራት ወይም በዝናብ የታየ መኪና ሁሉ ያምራል፤ ውሃ የቀለሙን ጭረትና የላሜራውን ጕርብጥብጥ ይሸሽጋልና። ሻጩ ገዢው ሳይደርስ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀ፥ ምናልባት በብርድ ጊዜ እንደማይነሣ እያወቀ ይሆናልና፥ ገዢው በሌላ ቀን ቢመለስ ይሻላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በችኰላ የተገዛ መኪና በችኰላ ይሸጣል፤ ያውም በኪሳራ።

መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይቱን ክዳን ማንሣት ነው። ከክዳኑ ሥር እንደ ወተት የነጣ አረፋ በብዛት ቢታይ፥ ውሃ ከዘይት ጋር ሳይቀላቀል አልቀረም፤ ይህም የሞተሩ ራስ ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ሊያመለክት ይችላል። ከዚያ ሞተሩ ይነሣና ጢሱ ይታይ። ሰማያዊ ጢስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል፥ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጢስ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እንደሚገባ፥ ጥቁር ጢስ ነዳጁ ከአየሩ እንደ በዛ ይናገራል። የመጨረሻው በደጋ አገር በካርቡራተር ማስተካከል ሊድን ይችላል፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ናቸው።

ቀጥሎ ላሜራው ይመርመር። ትንሽ ማግኔት በመሐረብ ጠቅልሎ በበሮቹና በጎኖቹ ላይ ማስኬድ ነው፤ ማግኔቱ የማይዝበት ስፍራ ከቀለሙ በታች ስቱኮ የተሞላበት፥ ማለት መኪናው ተጋጭቶ የተጠገነበት ሊሆን ይችላል። በበሮቹና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነም ያው ነው። ምንጣፉን አንሥቶ ወለሉን፥ ተንበርክኮም ሆዱን ማየት ያስፈልጋል። የባሕር ዳር ከተማ የኖረ መኪና ሞተሩ ደኅና ሆኖ ላሜራው በጨው አየር የተበላ ሊሆን ይችላል፤ በደጋ የኖረው ደግሞ ላሜራው ደኅና ሆኖ ፍሪሲዮኑና ፍሬኑ በዳገትና በቍልቍለት ያለቀ ይሆናል። ስለዚህ «ይህ መኪና የት ነበር የኖረው?» ብሎ መጠየቅ «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» ከማለት ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

የኪሎ ሜትር ቈጣሪው ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል ነገር ነው፤ የፍሬን መርገጫው ጎማ፥ የመሪው ሽፋንና የሾፌሩ ወንበር ግን አይዋሹም። ቈጣሪው አርባ ሺህ እያለ የመርገጫው ጎማ እስከ ብረቱ ያለቀ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ሐሰተኛ ነው። ጎማዎቹም ዕድሜያቸውን በጎናቸው ይዘዋል። ከ2000 ጀምሮ በተሠሩት ላይ በመጨረሻ የሚታዩት አራት ቍጥሮች የተሠሩበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ሆኖ በዕድሜ የተሰነጣጠቀ ጎማ በቆላ ሙቀት የሚፈነዳ ነው። ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ያለቀ ከሆነ ደግሞ የፊት እግሩ አልተስተካከለም፤ ወይም በግጭት ተጣሟል።

በመጨረሻ መኪናውን ራስ ነድቶ ማየት ነው። ዳገት ላይ ቤንዚን ሲሰጡት ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይፈጥን ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ወገን የሚጐትት ከሆነ የአንዱ ጎማ ፍሬን አይሠራም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዱት በኋላ በንጹሕ መሬት ላይ አቁሞ ሥሩን ማየት፥ የሚንጠባጠብ ዘይት ወይም ውሃ ቢኖር ያጋልጣል። ይህ ሁሉ ሲያበቃ መኪናው ከሻጩም ከደላላውም ጋር ዝምድና ለሌለው መካኒክ ይታይ፤ እርሱም የየሲሊንደሩን ግፊት በመሣሪያ ይለካ። ሲሊንደሮቹ ተቀራራቢ ግፊት ካሳዩ ሞተሩ ገና ዕድሜ አለው፤ አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ካነሰ ግን ቫልቮላው ወይም ፋሻው ተበልቷል። ለዚህ ምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው።

ስለ ወረቀቱ

ሞተሩ ደኅና ሆኖ ወረቀቱ የታመመ መኪና አለ። ገዢው ሊብሬውን በእጁ ይዞ የሻንሲውንና የሞተሩን ቍጥር ከብረቱ ላይ ራሱ አንብቦ ማስተያየት ይገባዋል፤ ቍጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ መስሎ ቢታይ፥ ያን ግዢ መተው ነው። ቀረጡ የተከፈለ መሆኑን፥ በባንክ ዕዳ የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ አለመሆኑን፥ የትራፊክ ቅጣትና ግብር አለመኖሩን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በውክልና ብቻ የሚሸጥ መኪና የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንድ ሰው የስም ማዛወሪያውን ወጪ ለማትረፍ ሲል ከሻጩ ውክልና ብቻ ተቀብሎ መኪናውን ይነዳል። ይሁን እንጂ በ1960 በወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ሻጩ የሞተ እንደ ሆነ ገዢው ከወራሾች ጋር ሙግት ይገጥማል፤ ያተረፈው ጥቂት ገንዘብም ለጠበቃ አይበቃም።

ይኸው ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ የሚሆንበትን ደንብ አኑሯል፤ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል የሸሸገ ሻጭ «ኀላፊነት የለብኝም» የሚል ቃል በውሉ ቢያስገባ እንኳ አያድነውም። ነገር ግን ገዢውም ዕቃውን እንደ ተቀበለ ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ሁለት ወር ነድቶ የሚጮኽ ሰው የሚሰማው አያገኝም። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ፥ በምስክር ፊት፥ የመኪናው ሁናቴ ተዘርዝሮ ይጻፍ።

የጋራዥ ቋንቋ

በጋራዥ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ለአዲስ ባለ መኪና እንደ ምሥጢር ይሆንበታል፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም የሚባለውን ስለማያውቅ ነው። ከእነዚህ ቃላት አብዛኞቹ ከኢጣልያንኛ የመጡ ሲሆኑ ትርጕማቸውን ቢያውቁት የክፍሉን ሥራ ራሱ ቃሉ ያስረዳል። ካንዴላ ሻማ ማለት ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ እሳቱን የሚያበራው እርሱ ነው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ የሚዞረው ብረት የሚያርፍበት ትራስ ሆኖ ያገለግላል። ማርሚታ ድስት ማለት ሲሆን የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነው የቈርቈሮ ድስት ነው። ሊብሬ ከሊብሬቶ፥ ማለት ከትንሽ መጽሐፍ የመጣ ነው። ቦሎ ማኅተም፥ ስኮርታ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ተጠባባቂ፥ ፍሪሲዮን መፋተግ ማለት ነው፤ በእርግጥም ፍሪሲዮን የሚሠራው ሁለት ገበታዎች ተፋትገው ሲያያዙ ነው።

«ኩሽኔታው ሄዷል» የሚባል ሰው ታዲያ የትኛው ጎማ ኩሽኔታ እንደ ሆነ ሊጠይቅ፥ ጎማውን በክሪክ አስነሥቶ በእጁ ሊነቀንቀውና ሊያዳምጠው ይችላል። አሮጌው ዕቃ እንዲመለስለትም ይጠይቅ። ሐቀኛ መካኒክ በዚህ አይከፋም፤ ይልቁንም ሥራውን የሚያውቅለት ሰው በማግኘቱ ደስ ይለዋል። አንድ የታመነ መካኒክ ካገኙ በኋላም ለጥቂት ገንዘብ ብሎ ጋራዥ መለዋወጥ አይገባም፤ የመኪናውን በሽታ ከመጀመሪያው የሚያውቅ ሐኪም ይሻላልና።

የዘወትር ጥበቃ

መኪና የሚሞተው በአንድ ቀን አይደለም፤ በየጠዋቱ ሳይታይ በቀረው ነገር ቀስ በቀስ ይሞታል። ሞተሩን ከማስነሣት በፊት ዘይቱን በመለኪያው ማየት፥ ውሃውን ማየት፥ ጎማዎቹን ዞሮ መመልከት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዘይት የሚለወጥበት ጊዜ በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈ ነው፤ አቧራ በበዛበትና ዳገት በሚወጣበት አገር ግን ለአሮጌ ሞተር በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ ከጸጸት ያድናል። የአየር ማጣሪያውም በአቧራ አገር ቶሎ ይደፈናል። ሞተሩን በውስጥ የሚያገናኝ የጎማ ቺንጋ ያለው መኪና ከሆነ፥ ቺንጋው በመጽሐፉ በታዘዘው ኪሎ ሜትር ሳይበጠስ መለወጥ አለበት፤ በብዙ ሞተር ላይ ሲበጠስ ቫልቮላውን ከፒስተኑ ጋር አጋጭቶ ሞተሩን ያጠፋልና።

ስለ ውሃው ደግሞ ደገኛ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፥ 2,300 ሜትር ከፍታ ባላት በአስመራ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ የሚፈላ መኪና ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ራዲያተር ሳይሆን የክዳኑ ጎማ መለወጥ ሊሆን ይችላል፤ ከርካሹ መጀመር ነው። የጋለውን ክዳን ግን ከፍቶ ማየት ፊትን ያቃጥላል፤ እስኪቀዘቅዝ መታገሥ ያስፈልጋል። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሞተሩ ከኃይሉ አምስተኛውን ያህል፥ ምናልባትም ከዚያ የሚበልጥ ያጣል፤ ይህ በሽታ አይደለምና በግድ ቤንዚን በመርገጥ አይድንም፤ ማርሽ ቀንሶ በትዕግሥት መውጣት ነው።

የጭነቱም ነገር አይዘነጋ። በሰፈሩ የመጀመሪያውን መኪና የገዛ ሰው ለሠርግ፥ ለለቅሶና ለሕመምተኛ መጠራቱ አይቀርም፤ ይህም የደግ ሰው ዕዳ ነው። ነገር ግን ለአምስት ሰው በተሠራ መኪና ስምንት ሰው ጭኖ ዳገት መውጣት ባሌስትራውን ይሰብራል፥ ቍልቍለት መውረድ ደግሞ ሰውን ያጠፋል።

ቍልቍለቱ

የመኪና ጥበቃ ሁሉ የሚፈተነው በቍልቍለት ላይ ነው። ከአስመራ እስከ ምጽዋ ያለው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ በነፋሲትና በጊንዳዕ አድርጎ እስከ ባሕር ወለል ይወርዳል። በኢትዮጵያም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው ቍልቍለት ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ነው። አንድ ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከአስመራ እስከ ምጽዋ ሲወርድ የሚያጣው ከፍታ ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፥ ከ60 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ ይችላል። ይህን ሙቀት ፍሬኑ ብቻ እንዲሸከመው የሚያደርግ ሾፌር ሸራውን ያቃጥላል።

ፍሬኑ ውስጥ ያለው ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት የሚስብ ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎቱም ሲጫኑት ይጨመቃል፤ መርገጫው እስከ ወለሉ ይወርዳል፥ መኪናው ግን አይቆምም። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ያለበት ስለዚህ ነው። ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያድነውም የባለቤቱን፥ የልጆቹንና በመንገድ ዳር የሚሄደውን እረኛ ሕይወት ነው።

የአወራረዱ ሕግ አጭር ነው፤ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቍልቍለቱን መውረድ። ሞተሩ መኪናውን ይይዘዋል፤ ፍሬኑም በየጠመዝማዛው አጠገብ ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ይለቀቃል፥ በመካከሉም ይቀዘቅዛል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ የመጣ እንደ ሆነ፥ ወይም መርገጫው የለሰለሰ እንደ ሆነ፥ ወዲያው ማርሽ ቀንሶ ሰፊ ስፍራ ላይ መቆምና ፍሬኑ በአየር እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በጋለው ብረት ላይ ውሃ ማፍሰስ ይሰነጥቀዋል።

ቤንዚን ለመቈጠብ ሲሉ በፎሌ የሚለቁ ሾፌሮች አሉ። ፎሌ የሚለው ቃልም እንደ ሌሎቹ ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጕሙ ዕብድ ማለት ነው፤ ከማርሽ የተለየ ሞተር የሚይዘው ስለሌለ በቍልቍለት ላይ ይህ ስም በትክክል ይስማማዋል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ የባሰ ነው፤ በኋለኛው ዘመን በተሠሩት መኪናዎች ፍሬኑንና መሪውን የሚያግዘው ኃይል ከሞተሩ ጋር ይጠፋል፤ መሪውም ሊቈለፍ ይችላል። በዚህ መንገድ የተረፈ ቤንዚን ከአንድ የፍሬን ሸራ ዋጋ አይበልጥም።

ስለ መዝገቡ

ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና የገዛ ሰው ከመካኒኩ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ረዳት አንድ ተራ ደብተር ነው። በእርሱ ላይ ዘይት የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር፥ የተቀዳው ቤንዚን፥ የተገዛው ዕቃና የተከፈለው ገንዘብ ይጻፍ። በወር 70 ሊትር ይበላ የነበረ መኪና በሚቀጥለው ወር ለዚያው መንገድ 85 ሊትር ከበላ፥ ካንዴላው ወይም ካርቡራተሩ መታየት እንዳለበት ደብተሩ ከመካኒኩ በፊት ይናገራል። የሹሙ መሥሪያ ቤት ያለ መዝገብ እንደማይሠራ፥ የነጋዴውም ሱቅ ያለ ሒሳብ እንደማይቆም፥ አውቶሞቢልም እንደዚሁ ነው።

ይህ ደብተር ሌላም ጥቅም አለው። ዛሬ ገዢ የሆነው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሻጭ ይሆናል። የዚያን ጊዜ ሌላ ሰው፥ ምናልባትም ከብዙ ዓመት ቍጠባ በኋላ የመጀመሪያውን መኪና ሊገዛ የመጣ ወጣት፥ በደጃፉ ቆሞ «እንዴት ያለ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ቀለም የቀባ ሻጭ በቃሉ ብቻ ሲምል፥ ደብተሩን የሚያሳይ ሻጭ መሐላ አያስፈልገውም፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ገዢውም በፊናው ቸልታን ሳይሆን ትጋትን ይወርሳል፤ በቍልቍለቱም ላይ ፍሬኑን ሲረግጥ መኪናው ይቆምለታል።